ባትሪው ከወጣ በኋላ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ባየሁት ላይ አልጨምርም፣ አልቀንስም። አብራኝ የነበረችው የሚስቴ እህት ማቪስም በሕይወት አለች። ብትጠይቋት ግን ወሬ ትቀይራለች...

ኖቬምበር ውስጥ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል አለፍ ብሏል። ጠራራ ፀሐይ። ቦታው አሪዞና፣ ከጥድ ጫካው ወደ በረሃው የሚወርደው ረጅሙ ቁልቁለት።

ሚስቴ ናዲን ከሞተች ሰባት ሳምንት ሆኗት ነበር።

ሰባት ሳምንት ሙሉ አላለቀስኩም። ሲያጽናኑኝ «አመሰግናለሁ» እላለሁ። ምግብ ሲሰጡኝ እበላለሁ። የበላሁትን ግን ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ ከነብራስካ ተነስተን ወደ ደቡብ እንወርዳለን። አልጋና ማድቤት ያለውን ትልቁን ቤት-መኪና እኔ እነዳለሁ። የናዲን ትንሽ መኪና ከኋላ ታስራ በአራት ጎማዋ እየተንከባለለች ትከተለናለች። ዘንድሮ አጠገቤ የተቀመጠችው ማቪስ ናት።

«ብቻህን ብለቅህ የሰው አጥር ጥሰህ ነው የምትገባው» አለችኝ።

አልተከራከርኳትም።

እንዲህ የምትጎተት መኪና አንድ ጣጣ አላት። መሪዋ እንዳይቆለፍ ቁልፉ አንድ ደረጃ ዞሮ መቆየት አለበት። ቁልፉ ከዞረ ደግሞ ባትሪው ቀስ እያለ ያልቃል። በዚያ ላይ በትንሿ መኪና ውስጥ ከሾፌሩ ወንበር ፊት የምናስቀምጠው ሳጥን አለ። እኔ ከፊት ፍሬን ስይዝ እሱ በብረት ክንዱ የትንሿን መኪና ፍሬን ይረግጣል። እሱም የሚሠራው በዚያው ባትሪ ነው።

በየሦስት ሰዓቱ ወርዳ ሞተሩን እያስነሳች ባትሪውን የምታቆየው ናዲን ነበረች። አንድም ቀን ረስታ አታውቅም።

እኔ በመጀመሪያው ቀን ረሳሁት። ካንሳስ ላይ ስንቆም ባትሪው ሞቷል።

«እህቴ ብትኖር ጆሮህን ይዛ ታስታውስህ ነበር» አለች ማቪስ።

«አዎ» አልኩ።

በማግስቱ ባትሪውን ሞላሁና የሬዲዮውንና የማሞቂያውን ፊውዝ ነቀልኩ። መሪው ነፃ ይሆናል፣ ሳጥኑ ይሠራል፣ ሌላው ምንም አይበላም። እንደዚያ ነው የሚደረገው።

ማታ ላይ ስንቆም ሞቷል።

የማሞቂያው ቁልፍ ደግሞ እስከ መጨረሻው ሙቀት ዞሯል።

ማቪስ ጭንቅላቷን በመስኮቱ አስገብታ አየችው።

«አንተ ነህ ያዞርከው?»

«አይደለሁም። አንቺስ?»

«ምን አግብቶኝ?»

ናዲን በጁላይ ሙቀት እንኳን የሚበርዳት ሰው ነበረች...

በሦስተኛው ቀን ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ጋራዥ ገባን። ጸጉሯን በመሃረብ ያሰረች መካኒክ አዲስ ባትሪ አስገባችልኝ። ከትልቁ መኪና የኤሌክትሪክ ገመድ ስባ፣ እየተጓዝን ባትሪው እንዲሞላ አደረገች። ሁለት ጊዜ ለካችው። ይሞላል።

«ከዚህ በኋላ ከሞተ፣ አባባ» አለችኝ እጇን እየጠረገች፣ «አንድ ሰው ውስጡ ቁጭ ብሎ እየበላው ነው ማለት ነው።»

ሳቀች። ማቪስ አልሳቀችም። እኔ ገንዘቧን ሰጥቼ ወጣሁ።

እዚያው ጋራዡ አጠገብ አደርን። በማግስቱ ከሰዓት አሪዞና ገብተን፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነዳጅ ለመቅዳት ቆምን።

የትንሿን መኪና በር ከፈትኩ። የጣሪያው መብራት አልበራም።

ሞቷል።

ማቪስ ከኋላዬ መጣች። ወደ ውስጥ አየት አደረገችና ክንዴን ያዘችኝ።

«ዴል... መስታወቱ» አለች በሹክሹክታ።

የኋላ ማሳያው መስታወት ወደ ታች ተደፍቷል። መኪናዋን መጨረሻ የነዳሁት እኔ ነኝ። እኔ ረጅም ነኝ። መስታወቱ የተስተካከለው ግን እንደ ናዲን ላለ አጭር ሰው ነው።

«ባትሪውን አውጣው» አለችኝ።

«ለምን?»

«አውጣው ብዬሃለሁ። ምንም እንዳይኖራት።»

ማን ምንም እንዳይኖራት? አልጠየቅኳትም። ኮፈኑን ከፍቼ ባትሪውን ፈታሁት። ተሸክሜ ወስጄ ቤት-መኪናው ውስጥ፣ ማድቤቱ ወለል ላይ አስቀመጥኩት።

«ሳጥኑ ከሞተ ፍሬኗ አይሠራም» አልኳት። «እዚህ ባትሪውን እንሙላና አንቺ ለብቻዋ ንጃት።»

«እዚያ ውስጥ? እኔ?»

«እንግዲያው በማርሽ ይዤ እወርዳለሁ።»

ይህን ሳደርግ ሞኝነት መሆኑን አውቅ ነበር። አርባ ዓመት ነድቻለሁ። በሰላም ብንወርድም ባንወርድም ግን ለእኔ ልዩነት አልነበረውም። ማቪስ አብራኝ እንዳለች እንኳን አላሰብኩም። እውነቱ ይሄ ነው።

መውረድ ጀመርን።

መጀመሪያ ደህና ነበር። ቀጥሎ ቁልቁለቱ በረታ፣ የትንሿ መኪና ክብደት ከኋላ ይገፋን ጀመር። ፍሬን ያዝኩ። ለቀቅኩ። እንደገና ያዝኩ።

የፍሬን ሸራ መቃጠል ሸተተኝ።

«ዴል... ፍጥነቱ» አለች ማቪስ።

«አየሁት።»

«ያዘው እንጂ።»

«ይዤዋለሁ።»

ፔዳሉ እግሬ ሥር ለስልሶ ወለሉ ጋ ደርሶ ነበር። ምንም አልያዘም። ከፊታችን መንገዱ ይጠመዘዛል... ከመታጠፊያው ባሻገር ገደል ነው።

ፍርሃት እስኪመጣ ጠበቅኩት። አልመጣም። «ይኸው» ብዬ አሰብኩ። ያ ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ከኋላ ያዘን።

ኮታችሁን ከኋላ ጨምድዶ የያዘ ሰው እንደሚጎትታችሁ። በአንዴ አልመነጨቀንም። ቀስ... ቀስ... እያለ እየጠነከረ ሄደ።

ማቪስ የኋላው ካሜራ ስክሪን ላይ አፍጥጣለች።

«ዴል» አለች። ድምጿ አይሰማም ማለት ይቻላል። «ትንሿ መኪና አፍንጫዋን ደፍታለች። ከጎማዎቿ ጭስ እየወጣ ነው።»

«ሳጥኑ ነው።»

«ሳጥኑ በምን?» ወደ ማድቤቱ ወለል ጠቆመች። «ባትሪው እኮ እዚህ ነው።»

መታጠፊያውን እየተንገጫገጭን ዞርን። ፍጥነታችን ወደ አርባ፣ ወደ ሃያ ወረደ። ከመንገዱ ዳር ለከባድ መኪና ማቆሚያ የተተወ ሜዳ ነበር። ገባሁበትና ቆምን።

ሞተሩን አጠፋሁ። ማቪስ ከወንበሯ አልተነሳችም።

«አትሂድ» አለችኝ።

ወረድኩ።

የትንሿ መኪና የፊት ጎማዎች ሙቀት ፊቴን ገረፈኝ። በሮቿ ዝግ ናቸው። ውስጧ ማንም የለም። የሾፌሩን በር ከፈትኩ።

ሳጥኑ ወደ ጎን ተገፍቶ በሩ ጥግ ተኝቷል። የብረት ክንዱ ምንም አልያዘም።

የፍሬኑ ፔዳል ግን ወለሉ ድረስ ተረግጧል።

ቆሜ አየሁት። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። አንድ ከባድ መኪና በአጠገባችን አልፎ ሄደ። እኔ እያየሁት ፔዳሉ አልተነቃነቀም።

ጎንበስ አልኩ።

«በቃ» አልኩ በቀስታ። «ቆመናል።»

ፔዳሉ ትንሽ ቆየ... ከዚያ፣ የደከመው ሰው እግሩን እንደሚያነሳ፣ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተመለሰ።