የውሰት ደረት

አቃቂ ውስጥ ሰው ከጎረቤቱ የማይዋሰው ነገር የለም። መሰላል ይዋሳል፣ ለሠርግ ወንበር ይዋሳል፣ ለፎቶ ኮት ይዋሳል። እኛ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ደግሞ ደረት እንዋዋስ ነበር። አትሳቁ፣ የሚያስቅ ነገር የለውም።

ፋብሪካው በዓመት አንድ ጊዜ ሁላችንንም ራጅ ያስነሳል። ሳንባው ላይ ነገር የተገኘበት ይታከማል ቢባልም፣ እኛ ያየነው ቦርድ ወጥቶ ሲሰናበት ነው። ስለዚህ የሚያስለው ሰው የማያስል ጓደኛውን በስሙ ይልካል። ካርዱ ፎቶ የለውም፤ ራጅ የሚያነሳውም ቀና ብሎ የሰው ፊት አያይም። እኔ አምባው የጥገና ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ደረቴ ንጹሕ ነው። በ1998 እና በ1999 ዓ.ም. "ጉዲሳ!" ተብሎ ሲጠራ "አቤት" ብዬ የገባሁት እኔ ነኝ።

ጉዲሳ የፈትል ክፍል ሠራተኛና የልብ ጓደኛዬ ነው። ሚስቱ ያለምወርቅ ሐኪም ቤት ሂድ እያለች ትለምነው ነበር። እሱ ሳል የፈትል ሠራተኛ ደንብ ነው፣ የጥጥ ብናኝ ነው ይላታል፤ እኔም አብሬው እስቃለሁ። ዛሬ ያ ሳቄ ትዝ ሲለኝ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

በሦስተኛው ዓመት ደም ተፋ። ከተማ ሆስፒታል ወሰድኩት። የአክታው ምርመራ ምንም አላሳየም፤ ራጁ ላይ ግን ቀኝ ሳንባው ውስጥ የለውዝ ፍሬ የሚያህል እብጠት ታየ። ዶክተር ሩት ከፋብሪካው የመጣውን የዓምናውን ፊልም ከአዲሱ ጎን ሰቅለው ብዙ አዩት።

"ዓምና ምንም ያልነበረበት ደረት በአንድ ዓመት ይህን ካበቀለ፣ ካንሰር እንዳይሆን እፈራለሁ፤" አሉት። "የሳንባዎን ከፊል በቀዶ ጥገና ማውጣት ይኖርብናል።"

ጉዲሳ በዓይኑ ዝም በል አለኝ። ከታወቀ ሁለታችንም ከሥራ መባረራችን ነው። የዓምናው ፊልም የእኔ ደረት መሆኑን እያወቅኩ፣ ጓደኛዬ ለቢላዋ ሲቀጠር ዝም አልኩ። ውጭው በር ላይ ስንደርስ ግን ጉዲሳን እዚያው ትቼ ወደ ዶክተሯ ተመለስኩ። ሁሉንም ተናዘዝኩ።

የዶክተሯ ፊት ጠቆረ። "እኔ ያየሁት የጉዲሳን ስም ነው እንጂ የጉዲሳን ደረት አይደለም ማለት ነው። በእናንተ ውሸት ተመርቼ ሰው ልቀድ ነበር!"

ለፋብሪካው አልነገሩብንም፤ ቀዶ ጥገናው ግን ቆመ። ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫው በኩል እስከ ሳንባው አስገቡለት። የአየር ቧንቧው ውስጡ በቴሌቪዥን ላይ ወለል ብሎ ሲታይ በበሩ መስታወት አየሁ። እዚያ "አቤት" ብዬ ልተካለት አልችልም። ከእብጠቱ ቆንጥረው አስመረመሩት። ካንሰር አልነበረም፤ የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ የስድስት ወር መድኃኒት የሚያድነው።

እፎይ ልል ስል፣ ዶክተሯ ቤተሰቡ ሁሉ ይመርመር አሉ። ከአባቷ ጋር በአንድ አልጋ የምትተኛው የአምስት ዓመቷ ዮዲ ጀርባዬን አመመኝ ስትል ከርማለች። ነቀርሳው አከርካሪዋ ውስጥ ገብቷል። ሁለቱም መድኃኒታቸውን ጨርሰው ዳኑ፤ የእሷ ጀርባ ግን ጎብጦ ቀረ።

እስቲ ፍረዱ። ሠራተኛውን ብናኝ አስውጦ፣ ሲያስል የሚያሰናብት ፋብሪካ አጥፍቷል። ቀና ብሎ ፊት ያላየው ባለሙያም አጥፍቷል። እነሱን ስረግም ግን የራሴን አልረሳም፤ ዮዲን ያጎበጣት የእኔ ቸርነት ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማን አድገን፣ ለጓደኛ ማዘን ማለት በሽታውን አብሮ መሸሸግ መሰለን። ከእንግዲህ የሚያስል ጓደኛ ያለው ሰው ይዞት ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ውለታ ማለት እሱ ነው።

ዘንድሮ የምርመራው ቀን ሲቃረብ ሰቦቃ የሚባል የፈትል ክፍል ሠራተኛ እያሳለ መጣ።

"አምባው፣ ደረትህን አውሰኝ" አለኝ።

በሰቃ ሰፈር ወዳለው የጉዲሳ ቤት ይዤው ሄድኩ። በሩን የከፈተችልን ዮዲ ነበረች። ሰቦቃ ምን ሆና ነው ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

በምርመራው ቀን ከኋላው ተሰለፍኩ። "ሰቦቃ!" ተብሎ ሲጠራ፣ "አቤት" ብሎ የገባው ራሱ ሰቦቃ ነው።