የሠላሳ ስምንተኛው ቤት መልስ

ሲፈን ነጥቦቹን በእርሳስ እያያያዘች ነበር። አርባ ቤት፣ አርባ ነጥብ። የትምህርት ቤታቸው የሒሳብ ክበብ በየዓመቱ እነዚያኑ አርባ የአሰላ ቤቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል፦ ዘንድሮ ገቢያችሁ ስንት ነበር? መልሱ ከትንሹ ተነስቶ እስከ ትልቁ እየተደመረ መስመር ይሆናል። ሁሉም እኩል ቢያገኝ መስመሩ እንደተወጠረ ገመድ ቀጥ ይላል፤ ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ይረግባል። ግድግዳው ላይ የተለጠፉት የሦስት ዓመት መስመሮች እያንዳንዳቸው ካለፈው ይበልጥ የረገቡ ናቸው።

የዘንድሮው ግን ወደ ላይ ወጣ።

«ጥሩ ዜና ነው» አሉ ቲቸር የኋላሸት ከጀርባዋ ቆመው። «ሰኞ ለቀበሌው እናሳያለን።» መነጽራቸውን ጠርገው ወደ ክፍል ሄዱ።

ሲፈን ቀና አላለችም። ከደረሷት አሥር ቤቶች አንዱ ቁጥር ሠላሳ ስምንት ነበር፤ በአጨዳ ወቅት እስከ ሮቤ ድረስ ኮምባይነር የሚያከራዩት የኦቦ ጉደታ ቤት። ሁለቴ ሄዳ ዘበኛው «የሉም» አላት። በሦስተኛው አጥር የሚጋሯቸውን ልብስ አጣቢ ጠየቀችና የሴትዮዋን የራሷን ገቢ በሠላሳ ስምንት ቅጽ ላይ ጻፈችው።

«ከአርባ ቤት አንዱ ምን ያመጣል?» አለ የክበብ ጓደኛዋ ሚፍታ፣ ያደረገችውን ስትነግረው።

«ትልቁ ገቢ እኮ የሳቸው ነው። መስመሩን የሚያረግበው እሱ ነው።»

«አቦ አታካብጂ።»

ሲፈን ግን የአምናው ነገር ትዝ አላት። አምና ከአርባዎቹ አንዱ ቤተሰብ ወደ ኦጎልቾ ሲዛወር፣ ቲቸር የኋላሸት ቅዳሜያቸውን ሰውተው በሚኒባስ ተከትለውት ሄዱ። ይዘው የተመለሱት አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ሚፍታ ያኔ «በሌላ ቤት አንተካውም?» ቢላቸው፣ «ከተካነው የለካነው ሌላ ከተማ ነው» አሉት፤ ሳይቆጡ።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የኦቦ ጉደታ መኪና በራቸው ላይ ሲቆም ሲፈን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ጉደታ?»

«ፈያ። የማን ልጅ ነሽ?»

«የባለጎሚስታው የቱሳ።»

ወረቀቱን አዩ። «ግብር ነው ነገሩ?»

«አይደለም። ስምዎ አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ሠላሳ ስምንት።»

«እኔ ሠላሳ ስምንት ነኝ?» ሳቁ። «ያ ረጅሙ አስተማሪ ነው የላከሽ በይኛ። አምና ዝናብ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ግባ ስለው ‹ጥያቄዬ አንድ ነው› አለኝ። የገዛ ወንድሜ እንደሱ ጠብቆኝ አያውቅም።»

ወረቀቱን የመኪናው ኮፈን ላይ ዘርግተው፣ በስልካቸው እያሰሉ ነገሯት። ዜሮዎቹን ሁለቴ ቆጥራ ጻፈች።

በማግስቱ ጠዋት መስመሩን እንደገና ሠራችው። ከሦስቱም ዓመት በታች ወረደ።

ሚፍታ አይቶ አፏጨ። «በቃ የድሮውን ቅጽ ቅደጂውና ድምር ተሳስቼ ነው በያቸው። ያምኑሻል።»

እንደሚያምኗት ታውቃለች። ያስቸገራትም እሱ ነበር።

ሁለቱን ቅጾች አያያዘች። በአሮጌው ጀርባ ላይ «ይህን የጻፍኩት የጎረቤታቸውን ገቢ ጠይቄ ነው። ትክክለኛው አዲሱ ነው። ዘጠኙን ቤቶች ግን ራሳቸውን ጠይቄያለሁ። ሲፈን» ብላ ጻፈች። «ይቅርታ» የሚል ቃል ልትጨምር አሰበችና ያንን በአፏ ልትነግራቸው ተወችው።

የመምህራን ክፍል ባዶ ነበር። ቅጾቹን ከአዲሱ መስመር ጋር የቲቸር የኋላሸት ስም ያለበት መሳቢያ ውስጥ አስገባችና ዘጋችው።