ሬዲዮ ዝም ሲል

ፈተናው ገና እንደተጀመረ ሬዲዮ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ምንም አይሰማም» አለ።

አንዳንዱ ሳቀ። የክፍል ጓደኞቹ ሬዲዮ ያሉት ቀኑን ሙሉ ወሬ ስለማይነጥፍበት ነው። ዐይነ ስውር ነው፤ የኮምፒውተር ኮድ የሚጽፈው አንባቢ የሚባል ፕሮግራም ኤዲተሩ፣ ማለትም የኮድ መጻፊያው፣ ላይ ያለውን እያንዳንዱን መስመር በሴት ድምፅ በጆሮው እያነበበለት ነው። ድምፁ ከሌለ ፈተናም የለም።

ከኋላው የተቀመጠችው የአክስቱ ልጅ እጇን አወጣች። ኮምፒውተሩን ትናንት ያዘጋጀችለት እሷ ናት። ያኔ ሲሞክሩት ጥርት አድርጎ ያነብ ነበር።

«ቲቸር፣ እኔ ልየው?»

መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። «የአንቺም ሰዓት እየሄደ ነው። አልጨምርልሽም።»

ተነሳች።

ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመር ይታያል፦ አንባቢው አልተገኘም። ወዲያው ገባት። እንዳይኮራረጁ ተብሎ የእያንዳንዱ ተማሪ ኤዲተር ዛሬ ለብቻው ታጥሯል፤ ኢንተርኔትም ሆነ ከአጥሩ ውጭ ያለ ሌላ ፕሮግራም አያገኝም። እሷ ደግሞ አንባቢውን የጫነችው ከአጥሩ ውጭ ነው።

«አጥሩን አንሺው በቃ» አለ ሬዲዮ በሹክሹክታ። «አንድ ትእዛዝ አይደል?»

እውነቱን ነው። ጣቷ ኪቦርዱ ላይ ቆመ።

«ካነሳሁትማ ነገ ‹ከኢንተርኔት ገልብጦ ነው ያለፈው› ይሉሃል።»

«ይበሉኣ! ከመውደቅ አይሻልም?»

«አንደኛ ብትወጣ እንኳ ማን ያምንሃል?»

ሬዲዮ ወንበሩን ወደ ጎን ስቦ ቦታ ለቀቀላት።

መምህሩን አስፈቅዳ ፍላሿን ሰካችና አንባቢውን አጥሩ ውስጥ ጫነችው። ቀዩ መስመር ተቀየረ እንጂ አልጠፋም፤ አሁን ደግሞ የጠፋው አንባቢው የሚደገፍበት ሌላ ፕሮግራም ነው። እሱንም ጫነች። ሌላ ጠየቃት።

«አንዱን ስሞላ አንዱ ይጎድላል!» ብላ አጉተመተመች። በዙሪያዋ ኪቦርዱ ሁሉ ይንጫጫል፤ ሰው ሥራውን ተያይዞታል።

የመጨረሻው ፍላሹ ላይ የለም። ፈለገች፣ ደግማ ፈለገች። ትናንት ሁሉንም ያወረደችው በመምህሩ ኮምፒውተር ነበር፤ እዚያ ቀርቶ ይሆን? ፍላሿን ነቅላ ወደ ፊት ሮጠች። መምህሩ ወንበራቸውን ለቀቁላት።

እዚያው ነበር። ገልብጣ ተመለሰችና ጫነችው። ቀዩ መስመር ጠፋ።

ሬዲዮ ማዳመጫውን አጠለቀ።

«‹መስመር አንድ፣ ባዶ› አለች!» ብሎ ጮኸ። «ሴትዮዋ ነፍስ ዘራች!»

«ዝምታ!» አሉ መምህሩ፤ ፊታቸው ግን ፈገግ ብሏል።

«ሂጂ እንጂ አንቺ» አላት ሬዲዮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰዓትሽን በላሁብሽ።»

«ዝም ብለህ ሥራ።»

ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ የፈተናው ሰዓት ግማሹ አልፏል። የመጀመሪያው ጥያቄ ረጅሙና ብዙ ነጥብ ያለው ነው፤ ስትዘጋጅበት የሰነበተችውም እሱን ነበር። አንድ ጊዜ አየችው። ከዚያ ዘለለችውና ልትጨርሰው የምትችለውን ጀመረች።