ወፍጮ ቤቱ ጋ ነን

ከተማችን ጎንደር እየተቀየረች ነው። መንገዱ ሲሰፋ፣ አሮጌው ፈርሶ አዲሱ ሲቆም ስናይ ደስ ይለናል፤ ደስ ቢለንም ግን ግራ አጋብቶናል። እኔ አዘዞ ተወልጄ አዘዞ የወለድኩት ሴትዮ፣ ሰሞኑን ከገበያ ስመለስ በገዛ ሰፈሬ «ወራጅ» ማለት ያለብኝን ቦታ አልፌው ሄድኩ። የታክሲው ረዳት «እናት፣ ለሰፈሩ እንግዳ ነዎት እንዴ?» ሲለኝ ስቄ ወረድኩ። ዛሬ የምነግራችሁ ጉዳይ ግን አያስቅም።

ባንቺአየሁ እባላለሁ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ምድር ቤት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ከበላዬ አያ አለበልና ባለቤታቸው እትዬ አዛለች ይኖራሉ። አያ አለበል ከሳንጃ ሰሊጥ እያመጡ ሲነግዱ የኖሩ ጨዋታ አዋቂ ናቸው። የድሮ ቤታቸው እዚሁ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ነበር፤ ቤታቸውም ወፍጮ ቤቱም ለመንገድ ፈረሱ። የወፍጮው ባለቤት ወፍጮውን ነቅሎ ከድልድዩ ማዶ ተከለው።

ሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቀለማቸው አንድ፣ ደረጃቸው አንድ። እትዬ አዛለች ራሳቸው አንድ ቀን የሰው በር በቁልፍ ሲታገሉ ተገኝተዋል። ለዚህ ነው ስማቸው የሚባለው የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ በየሕንፃው ግድግዳ የብሎኩን፣ በየበሩ የቤቱን ቁጥር ያስጻፈው። አያ አለበል ግን ለዘመን መለወጫ በራቸውን አረንጓዴ ሲቀቡ ቁጥሩን አብረው ደፈኑት።

«ምነው አያ አለበል፣ ቁጥሩን አጠፉት?» አልኳቸው።

«ቁጥር ለምኔ? የታሰርኩ እየመሰለኝ። እኔን የሚፈልግ ወፍጮ ቤቱ ጋ ይበል፣ ሰፈርተኛው ያመጣዋል።»

«ወፍጮ ቤቱ እኮ ፈርሷል» አለ ስማቸው።

«ቢፈርስስ? ቦታው የት ይሄዳል?»

«አያ፣ ሰፈርተኛው ተበትኗል። አዲስ የገባው ሰው እዚህ ወፍጮ ቤት እንደነበረ እንኳ አያውቅም። ክፉ ቀን ቢመጣ የእርስዎን ቤት ማን ያሳያል?»

«አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ» ብለው መቀባታቸውን ቀጠሉ። እኛም ሳቅን። ለነገሩ አብዛኞቻችን የእሳቸው ወገን ነበርን፤ የተጻፈውን ቁጥር ዞር ብሎ ያየው አልነበረም።

በጥቅምት አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ አዛለች ልብስ ሲያሰጡ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፤ ቀኝ እጃቸው ከዳቸውና ተዝለፍልፈው ወደቁ። ጎረቤት ደግፎ አስተኛቸው። አያ አለበል አምቡላንስ ጠርተው «አዘዞ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ ድረሱልኝ» አሉ። ከዚያ ሊቀበሉት ወደ አስፋልቱ ሮጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

ጠበቅን፣ የለም። ስልኩ ጮኸ። ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ከፍ አድርገው ነው የሚያወሩት፤ ሾፌሩ የሚለው ሁሉ ይሰማኛል።

«አባት፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ደርሻለሁ፤ የት ናችሁ?»

«እኔም ወፍጮ ቤቱ ጋ ቆሜያለሁ፤ የታለህ አንተ?»

«እዚሁ በሩ ላይ ነኝ። እህል የያዙ ሴቶች አሉ፤ እርስዎን ግን አላየሁም።»

«ኧረ እኔም በሩ ላይ ነኝ። ምን ዓይነት ነገር ነው?»

አያ አለበል ዞር ዞር ብለው አዩ። ከፊታቸው የሚበር መኪናና አዲስ የተነጠፈ ንጣፍ እንጂ በር የለም። ሾፌሩ መንገድ ሲጠይቅ ሰዎች ከድልድዩ ማዶ ወዳለው ወፍጮ እንደላኩት ያኔ ገባኝ። «የብሎክ ቁጥራችሁን ንገሩኝ» አለ ሾፌሩ። አያ አለበል እኔን አዩ፣ እኔ ሕንፃውን አየሁ። ቁጥሩ ላይ የዕቃ ማስታወቂያ ተለጥፎበታል። ስንት ነበር? ሁለታችንም አናውቅም። የምኖርበት ቤት እፊቴ ቆሞ አድራሻው ጠፋኝ፤ እንዲህ ያለ ጭንቅ አይድረስባችሁ።

ስማቸው ከሥራ ሲመለስ ደረሰብን። ስልኩን ነጥቆ «ብሎክ አሥራ አራት፣ ከአስፋልቱ ወደ ግራ» አለ። አምቡላንሱ ወዲያው መጣ። የባከነው ጊዜ ግን ባክኗል። ሐኪሙም ለእንዲህ ያለው ሕመም እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ እንዳለው፣ ቀደም ብለው ቢደርሱ ኖሮ የተሻለ ይረዷቸው እንደነበር ነገሩን።

እትዬ አዛለች ከሞት ተርፈዋል። ቀኝ እጃቸው ግን አይታዘዝም፣ ንግግራቸውም ጠፍቷል። ያን ሁሉ ዘመን «አለቤ» እያሉ ባላቸውን የጠሩበት አፍ ዛሬ ዝም ብሏል።

በሳምንቱ አያ አለበል ነጭ ቀለም ገዝተው የብሎኩንም የቤታቸውንም ቁጥር በበራቸው ላይ በገዛ እጃቸው ጻፉት። ጽሑፉ ተጣሞባቸዋል።

«ሸጋ ነው፣ ይነበባል» አልኳቸው ላጽናናቸው።

«ያ ሾፌር እውነቱን ነበር፣ ባንቺአየሁ» አሉኝ። «ወፍጮ ቤቱ ጋ ደርሷል። የሌለ ቦታ ላይ ቆሜ የጠፋሁት እኔ ነኝ።» አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ።

ወገኖቼ፣ ትዝታ ሸጋ ነገር ነው፤ የታመመ ሰው ግን በትዝታ አይገኝም። የብሎካችሁንና የቤታችሁን ቁጥር ዛሬውኑ እወቁ፣ ለሽማግሌውም ለሕፃኑም አስጠኑ። የተለጠፈበትን ማስታወቂያም ላጡት፤ እኛ የኛን ልጠናል።

አያ አለበል አሁን ደረጃው ላይ ያገኙትን ሁሉ «ቁጥርህ ስንት ነው?» ይሉታል። ያልመለሰላቸውን አይቆጡም፤ እጁን ይዘው ቤት ያስገቡና እትዬ አዛለች አጠገብ ያስቀምጡታል። ከዚያ የወጣ ሰው ቁጥሩን አይረሳም።