ሆላንዳዊው ስቶክሆልም የመጣ ቀን

«ሊዱዬ፣ ሸዋሉል አጠገብሽ ናት? እስቲ አቅርቢልኝ።»

ሊዲያ ምን ብላ ትመልስ? እናቷ ሸዋሉል በዚህ ሰዓት ሃግሴትራ በሚባለው ሰፈር፣ ሥራዋ ላይ፣ ለምትንከባከባት አሮጊት ምሳ እያሞቀች ነው። ሊዲያ ደግሞ መሀል ከተማ፣ የቴኒስ አዳራሹ ላይኛው ወንበር ላይ፣ ከኢኽላስ ጋር ተቀምጣለች። ደዋይዋ የኢኽላስ እናት፣ እትዬ ሙፈሪሃት ናቸው። የፊት ወንበር ሰዎች ዞረው ገላመጧት።

«እትዬ፣ አይሰማኝም» አለች በሹክሹክታ፣ ዘጋችው።

«ማነው?» አለች ኢኽላስ ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል።

«እናትሽ። እማዬን አቅርቢልኝ ነው የሚሉት። ምን ብለሻቸው ነው የመጣሽው?»

ኢኽላስ ከንፈሯን ነከሰች። «ማማ ሸዋሉል ይዛን ትሄዳለች አልኳት።»

«ኢኽላስ!»

«ብቻችንን ነን ብላት ትለቀኝ ነበር?»

ከፊታቸው ያለው ሰውዬ «ሽሽ» አለ። ሆላንዳዊው ዮሪስ የመጀመሪያውን ምት፣ ሰርቭ፣ ሊመታ ነው።

ዮሪስ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በጥር ወር፣ በአገሩ በሆላንድ እንኳ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። ሁለቱ ልጆች ያወቁት ሰፈራቸው ብሬዴንግ ውስጥ ቴኒስ የሚጫወቱበት ክበብ አሠልጣኝ ቪዲዮውን ስላሳያቸው ነው። ከዚያ ወዲህ በቃ፣ ሌላ ወሬ የላቸውም። ጨዋታውን የሚያሳየው ቻናል በክፍያ ስለሆነ የሚከታተሉት ስልክ ላይ ነጥቡ ሲለወጥ በማየት ብቻ ነበር። ቁጥሩ ቆሞ ሲቀር «ላቡን እየጠረገ ነው» ትላለች ኢኽላስ። «አይ፣ እግሩን አሞታል» ትላለች ሊዲያ፣ ልቧ እየደለቀ። በሚያዝያ ከማጣሪያ ተነሥቶ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። በሰኔ የመጀመሪያ ዋንጫውን አነሣ። ዛሬ በአካል ሲያዩት ካሰቡት በላይ ቀጭን ሆነባቸው። ከእያንዳንዱ ሰርቭ በፊት ካልሲውን ወደ ላይ ይስባል፤ ይህን ቁጥሩ ነግሯቸው አያውቅም።

አንድ ዙር ተሸንፎ አንድ አሸንፏል። ሦስተኛው ላይ አራት ለሦስት ሲመራ ተጫዋቾቹ ጎን ሊቀያይሩ ወጡና ተቀመጡ። የሊዲያ ስልክ እንደገና ነዘረ።

«ያው ደወለች!» ኢኽላስ ክንዷን ይዛ በስዊድንኛ ለመነቻት። «ስኔላ፣ ሊዲያ፣ በናትሽ! እናትሽን ሁኚ። ድምፅሽ ቁርጥ እሷን ነው።»

እውነቷን ነው። የሊዲያ አክስት አንድ ጊዜ ደውላ፣ ሸዋሉል መስላት፣ የጎረቤቷን ሐሜት እስከ ጥግ አውርታላት ታውቃለች።

«አንቺ ራስሽ ሁኛ!»

«እኔ? በኔ አማርኛ? ገና አፌን ስከፍት ትስቃለች እኮ! ‹ልጆቹ ደህና ናቸው› በያት፣ አለቀ። አታካብጂ።»

ሊዲያ ስልኩን ከፍታ ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«ሸዋሉል፣ አንቺ ነሽ?» አሉ ሙፈሪሃት። መልስ ሳይጠብቁ ቀጠሉ። «ላመስግንሽ ብዬ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። እኔ ሥራ አላስወጣ ብሎኝ... ወላሂ፣ ሌላ ሰው ቢሆን እስክትመለስ ድረስ እህል አልቀምስም ነበር። አንቺ ካለሽ ግን ሐሳብ የለኝም።»

«አዎ» ማለት ብቻ ይበቃት ነበር። አንዲት ቃል። ኢኽላስ ራሷን ወደ ላይ ወደ ታች እየነቀነቀች «በይ» ትላታለች።

«እትዬ... ሊዲያ ነኝ» አለች። «እማዬ ሥራ ናት። ሁለታችን ብቻ ነን።»

ከዚያ ሙፈሪሃት በቀጭን ድምፅ «ልጄን ስጪኝ» አሉ።

ኢኽላስ ስልኩን ተቀብላ «እሺ... እሺ እማማ... አሁን» አለች። መለሰችላትና ጃኬቷን ከወንበሩ ላይ መንጭቃ አነሣች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«አሁኑኑ ነይ ተባልኩ። ደስ አለሽ? አንቺማ ቁጭ ብለሽ እዪ!»

ደረጃውን ወረደች። በሩ ላይ የቆመው አስተናጋጅ ገመዱን ከፍቶ ሰው ያሳልፋል። ጨዋታው ሲቀጥል ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ዕረፍት ማንም አይነቃነቅም። ታች ዮሪስ ውኃውን አስቀምጦ ራኬቱን አነሣ። ሊዲያ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀችው ይህን ነበር። እሱን አየች፤ የኢኽላስን ጀርባ አየች።

ቦርሳዋን አንሥታ ሮጠች።

«ምን ፈለግሽ?» አለች ኢኽላስ ሳትዞር። «ገና አላለቀም'ኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ላናግርሽ አልፈልግም።»

«አታናግሪኝ። ቤት ድረስ አብሬሽ ነኝ።»

ኢኽላስ እርምጃዋን ቀነስ አደረገች። አስተናጋጁ ከኋላቸው ገመዱን ዘጋ። ወደ ቱነልባናው፣ ወደ ምድር ውስጥ ባቡሩ፣ የሚወስደው መንገድ ላይ ሲደርሱ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ለማን እንደተጨበጨበ አላወቁም። ዮሪስና ሕዝቡ እዚያው ቀሩ። ሁለቱ የብሬዴንግ ልጆች ሄዱ።