ከሰበታ ወዲያ

ሀይፋ ኑሕን ያወቀችው ሊገጫት ሲል ነው።

ኮልፌ ውስጥ፣ ከእናቷ የመጋረጃ ሱቅ ፊት ለፊት፣ አስፋልት ዳር ቆማ ነበር። ጠዋት ይመጣል የተባለው የጭነት መኪና ሹፌር «ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነኝ» እያለ እስከ ቀትር አቆማት። ዓለም ባንክ ሰፈር የምትጠብቃት ደንበኛ ደግሞ ስልኩን አልለቅ አለች። እግሯ ስር ረጃጅም የመጋረጃ ብረቶችና በፌስታል የተጠቀለሉ መጋረጃዎች ተከምረዋል። እየተጨቃጨቀች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስትል አንድ ቀዝቃዛ ነገር ክርኗን ነካት። ዞር ስትል መጫወቻ የምታህል ነጭ ፒክአፕ አጠገቧ ቆማለች። ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ።

«ጥሩምባ የለህም እንዴ?» ብላ ጮኸችበት።

«አለኝ። ግን ሰው ማስደንገጥ አልወድም» አለ ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ።

«ታዲያ አሁን ምን አደረግክ?»

ሹፌሩ ብረቶቹን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ብረቶቹን አየ።

«የት ነው የሚሄደው?»

«አንተ ላይ አይጫንም። ብረቱ ከመኪናህ ይረዝማል።»

«ከኋላ ቀይ ጨርቅ አስርበታለሁ። ነይ ግቢ፣ ትችላለች።»

ሀይፋ ሌላ ምርጫ ቢኖራት ኖሮ አትገባም ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ የሱቁ ጭነት ሁሉ የኑሕ ሆነ። ሌሎቹ ሹፌሮች አየር ጤና ማደያ ላይ ተሰልፈው ሲውሉ እሱ በኤሌክትሪክ በምትሄደው መኪናው ይሠራል። ነጭ ጨርቅ ላይ የናፍጣ ሽታ አይቀርም። አይሱዙ አፍንጫውን እንኳ የማያስገባበት የኮልፌ ጠባብ መንደር ውስጥ ሰተት ብላ ገብታ፣ በር ላይ አራግፋ፣ ዞራ ትወጣለች። ሂሳቡም የሚቻል ነው። የሀይፋ እናት እትዬ ዙቤዳ፣ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ሱቁን ብቻቸውን ያቆሙ ሴት፣ በቀላሉ የሚደነቁ ሰው አይደሉም፤ ስለዚህች መኪና ግን «ይቺስ ለእኛ የተሠራች ናት» አሉ።

የሀይፋ ጣጣ ከመኪናዋ ጋር አልነበረም። ከኑሕ አፍ ጋር ነበር።

ኑሕ ድሮ ከታላቅ ወንድሙ ከኢብራር ጋር አይሱዙ ይነዳ ነበር። ድርሻውን አውጥቶ ይህችን ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዛ ኢብራር ዙሪያዋን ዞሮ አያትና፣ «ባትሪ ድንጋይዋን የምትቀይርላት በስንት ጊዜ ነው?» ብሎ በሰው ፊት አሳቀበት። ከዚያ ወዲህ ስለ መኪናዋ «አትችልም» የሚል ቃል ከኑሕ አፍ ወጥቶ አያውቅም።

«ይህን ሁሉ በአንዴ ትሸከማለች?» ትለዋለች ሀይፋ።

«ትችላለች።»

ሁለቴ ይመላለሳል።

«ዳገቱንስ?»

«ትችላለች።»

ዳገቱ ወገብ ላይ ሀይፋ ወርዳ በእግሯ ትቀድማቸዋለች።

ማታ ማታ መኪናዋን የሚሰካበትም አልነበረውም። የሚኖረው ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ በመስኮት ገመድ ሲያወርድ ጎረቤቶቹ አስቆሙት። ስለዚህ ከሱቁ ሶኬት ይሰካል። እሱ ሲሰካ ቆጣሪው ይዘልና ካውያው ይጠፋል፤ ካውያው ሲሰካ መኪናዋ ትራባለች።

«ወይ እኔ ልተኩስ፣ ወይ አንተ ቻርጅ አድርግ! ከሁለት አንዱን ምረጥ!»

«አንቺ ተኩሺ። እኔ እጠብቃለሁ» ይላታል፣ መጠበቁ ቅር ሳይለው።

ሲጠብቅ እጁን አጣምሮ አይቀመጥም። የጨርቁን ሌላ ጫፍ ይይዝላታል። እሷ ትለካለች፣ እሱ ይወጥራል። ለማጠፍ ከሁለት ወገን ወደ መሃል ሲመጡ ጣታቸው ይነካካል፤ ያኔ ለሁሉ ነገር መልስ ያለው ኑሕ ቃል ይጠፋዋል። ሀይፋም ጨርቁን ነጥቃው ዞር ትላለች። ፊቷ ግን ካውያ የቀረበው ያህል ይግላል። እትዬ ዙቤዳ ከስፌት ማሽናቸው ቀና ሳይሉ ሁሉንም ያያሉ።

ነሐሴ ላይ ትልቅ ሥራ መጣ። አቶ ተክለሃይማኖት የሚባሉ ሰው ወሊሶ ላይ አዲስ ፔንሲዮን ሠርተው የአንደኛውን ፎቅ መጋረጃ በሙሉ ለእትዬ ዙቤዳ ሰጡ። ከወደዱት ሁለተኛው ፎቅም የእሳቸው ነው። ምርቃቱ እሁድ ጠዋት ስለሆነ ቅዳሜ ከቀትር በፊት ደርሶ መሰቀል አለበት።

«ለዚህስ አይሱዙ እንከራይ» አሉ እትዬ ዙቤዳ።

«ለምን ብለው ማዘር? ትደርሳለች፣ ኢንሻአላህ።»

«ልጄ፣ ኢንሻአላህ የሚባለው ሰው የራሱን ድርሻ ከሠራ በኋላ ነው።»

«እስከ አፏ ሞልቻት እመጣለሁ። ይመኑኝ።»

አመኑት።

ቅዳሜ ጠዋት ጭነቱን በሸራ ሸፍነው ወጡ። ሰበታ ድረስ መንገዱ ደስ ይል ነበር፤ ኑሕ ያወራል፣ ሀይፋ ሳቋን ትይዛለች። ከሰበታ ወዲያ ዝናቡ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ኑሕ የመኪናዋን ማሞቂያ አጠፋ።

«ለምን አጠፋኸው?»

«ያን ያህል አይበርድም።»

ቀጥሎ ሬዲዮኑ ጠፋ። ቀጥሎ የዝናብ መጥረጊያው አልፎ አልፎ ብቻ መሥራት ጀመረ። መስታወቱ በትንፋሻቸው ተሸፈነ፤ ሀይፋ በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች መንገዱን ታሳየዋለች። አንድ ባጃጅ ጭቃ እየረጨ አለፋቸው። ሹፌሩ እጁን አውለበለበላቸው።

«ኑሕ፣ ባጃጅ ቀደመን።»

«ዝናብ ስለሆነ ነው።»

«ለእሱ አይዘንብም?»

ኑሕ ፊቱን ወደ መስታወቱ አስጠጋ። ቱሉ ቦሎን ትንሽ እንዳለፉ መኪናዋ ዳር ይዛ ቆመች። ስትሄድም ድምፅ የላትምና ሀይፋ መቆሟን ያወቀችው ዛፎቹ ሲቆሙ ነው።

ኑሕ ወርዶ መኪናዋን የሚሰካበት ቦታ አንድ መንገደኛ ጠየቀ። ቱሉ ቦሎ ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም፤ መቼ እንደሚመጣም የሚያውቅ የለም።

«ለወንድምህ ደውልለት። በአይሱዙ ይምጣ» አለችው።

«ለኢብራር አልደውልም።»

«ለምን?»

«አልደውልም ሀይፋ። ሌላ ነገር ጠይቂኝ።»

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ሀይፋ ዞራ ፊቱን አየችው። ኑሕ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው፤ የምትሄድ ይመስል።

«እሺ ሌላ ልጠይቅህ። እንደማትደርስ ታውቅ ነበር?»

ኑሕ በአውራ ጣቱ መሪውን አሻሸ።

«ኑሕ!»

«ግማሽ ልቤ ትደርሳለች ብሎ ነበር።»

«ግማሹስ?»

«ግማሹ ደግሞ…» ዓይኑን ከመሪው አላነሳም። «መንገዱ ረጅም ነው፣ ሁለታችን ብቻ ነን፣ የምነግርሽ ነገር አለኝ ብሎ ነበር።»

ሌላ ቀን ቢሆን ልቧ ይቀልጥ ነበር። ዛሬ ግን ከኋላዋ የእናቷ ስም በሸራ ተሸፍኖ ዝናብ እየመታው ነው።

«ሱብሃነላህ! ኮልፌ ላይ አፍ የለህም? ጨርቁን ይዘህ ፊቴ ስትገተር አፍህ የት ነበር? የእናቴን ሥራ መንገድ ላይ ጥለህ ነው የምትነግረኝ?»

በሩን ከፍታ ወረደችና መሃል መንገድ ላይ እጇን ዘረጋች። መኪና ሁሉ ለሰዓታት ካለፋት በኋላ ባዶ የሽንኩርት ሳጥን የጫነ አሮጌ የጭነት መኪና ቆመላት። ሹፌሩ ነገሬ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁለቱን በየተራ አዩአቸውና ምንም ሳይጠይቁ የኋላውን ከፈቱ። ኑሕ ጭነቱን ብቻውን አሸጋገረ። ሸራው አልበቃ ሲል ጃኬቱን አውልቆ ነጩን ጨርቅ ሸፈነበት። ሀይፋ አየች፤ አላመሰገነችም። ከነገሬ ጎን ተቀምጣ ወደ ወሊሶ ስትሄድ ኋላዋን አላየችም፤ ላለማየት ግን አንገቷ እስኪያማት ድረስ ነው የገተረችው።

ወሊሶ የደረሰችው ሊመሽ ሲል ነው። ግማሹ መጋረጃ ረጥቧል። እሁድ ጠዋት እንግዶች ሲገቡ የምግብ አዳራሹ መስኮቶች ገና ጋዜጣ እንደተለጠፈባቸው ነበሩ። አቶ ተክለሃይማኖት አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም። ያ ነው የባሰው። ሁለተኛውን ፎቅ ለሌላ ሰፊ ሰጡት።

ኑሕ ከሁለት ቀን በኋላ ሱቅ መጣ። ሀይፋ ድምፁን ስትሰማ ከመጋዘኑ መጋረጃ ጀርባ ገባች።

«መብራት ጠፋ ብዬ አላመካኝም ማዘር» አለ። «እንደምታጠራጥር አውቄ ነው የወጣሁት። ሥራዎትን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ማሽኑ ዝም አለ። ከዚያ የእትዬ ዙቤዳ ድምፅ ተሰማ።

«የእኔን ይቅር ብዬሃለሁ። የእሷን እሷን ጠይቅ።»

ኑሕ ቆሞ ጠበቀ። ሀይፋ መጋረጃው ወዲያ ማዶ ጥርሷን ነክሳ ቆመች። ሁለቱም ሌላው እዚያው እንዳለ ያውቃሉ። በመጨረሻ እግሩ ሲርቅ ሰማች። መኪናዋ ግን እንደ ልማዷ ድምፅ ሳታሰማ ስለሄደች፣ ሄዷል ወይስ አልሄደም እያለች ብዙ ቆየች።

በዚያ ወቅት ሀይፋን ያላናደዳት ሹፌር የለም። አንዱ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነኝ ይላል። አንዱ ሙሽራ ቤት የሚሰቀል መጋረጃ ላይ የናፍጣ ጄሪካን አስቀምጦ መጣ። አንዱ መኪናው መንደሩ ውስጥ አይገባም ብሎ አስፋልት ላይ አራግፎላት ሄደ፤ ብረቱን በትከሻዋ ተሸክማ ገባች። በተናደደች ቁጥር «እሱ ቢሆን» የሚል ሐሳብ ይመጣባታል፤ ይህ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያናድዳታል።

ታኅሣሥ ላይ የመጋረጃ ቀለበት ልትገዛ አየር ጤና ሄደች። ተራ ከሚጠብቁት የጭነት መኪኖች መካከል ትንሿ ነጭ ፒክአፕ ቆማለች። በሯ ላይ በቀይ ቀለም፣ በተንጋደደ ፊደል «ኮልፌ፣ አየር ጤና፣ ዓለም ባንክ። ከሰበታ ወዲያ አትሄድም» ተብሎ ተጽፏል። ሌሎቹ ሹፌሮች ጽሑፉን ለሚያልፍ ሰው ሁሉ እያነበቡ ይስቃሉ።

አንድ ሰው ኑሕን ቀርቦ አነጋገረው። ሶፋ ወደ አምቦ የሚወስድ ነው።

«አትችልም ወንድሜ» አለው ኑሕ። «ቆይ፣ የሚችል ልጥራልህ።» ስልኩን አወጣ። «ኢብራር፣ የአምቦ ጭነት አለ፣ ያንተ ነው… አዎ፣ የእኔ አትችልም… ሳቅ፤ ስቀህ ስትጨርስ ና።»

ዞር ሲል ሀይፋ ቆማለች። ስልኩ ከጆሮው አልወረደም።

«ፊደሉ ተንጋዷል» አለችው በሩን እያየች።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ያስታውቃል።»

ወያላዎች «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» ይጮሃሉ። ኑሕ ከስቷል፤ ጢሙንም አልተላጨም። ይህም አናደዳት።

«ያን ቀን ልትነግረኝ የነበረው ምን ነበር?»

«አሁን?»

«አሁን።»

«እዚህ? ሰው እየሰማ?»

«ወሊሶ ድረስ እንሂድ እንዴ?»

ኑሕ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። «እኔ… ማለቴ፣ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ በጄሪካን ይወጣል። መኪናዋን አይተሻታል። እኔም እንዳየሽኝ ነኝ፤ ግትር ነኝ፣ ደግሞ ስፈራ ብዙ አወራለሁ፣ እንደ አሁኑ። ወንድሜ ይስቅብኛል፣ አንቺም ላይ ሊስቅ ይችላል…»

«ኑሕ!»

«አቤት።»

«ጥያቄውን ጠይቀኝ እንጂ!»

«እየመጣሁበት ነው።»

«ከክረምት ጀምሮ እየመጣህ ነው!» ሀይፋ ትዕግሥቷ አለቀ። «በቃ፣ ጥያቄውን ተወው። መልሱ እሺ ነው። ሽማግሌ ላክ።»

ሲስቁ የነበሩት ሹፌሮች ሁሉ ዞረው አዩአቸው። ኑሕ የመኪናዋን ጎን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲያነሳው ዓይኑ ረጥቧል። ሀይፋ ሻርፗን አስተካከለች፣ ወዴት ማየት እንዳለባት ጠፋት፣ የመጣችበትን ቀለበት ሳትገዛ ታክሲ ውስጥ ገባች።

እስከ ኮልፌ ድረስ ለእናቷ የምትናገረውን ስትለማመድ ሄደች። ሱቅ ስትገባ እትዬ ዙቤዳ ማሽናቸው ላይ ናቸው፤ ከፊታቸው ሀይፋ የማታውቀው ጨርቅ ተዘርግቷል።

«የማን ሥራ ነው?» አለቻቸው፣ ወሬውን ለመጀመር ያህል።

«የዓለም ባንክ ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለት መስኮት።»

ሀይፋ ቦርሳዋን እንደያዘች ቀረች። «መቼ ነው የታዘዘው?»

«ጥቅምት ላይ፣ አንቺ ስታኮርፊ። ልጁ ልኬቱን ይዞ መጣ። ቀለም ምረጥ ስለው እኔ አላውቅም አለ። እንግዲያው የምታውቀው እስክትመጣ ይቆይ አልኩት። ዛሬ ግን ደውሎ ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ የሚለውም አይሰማ። ገባኝና የምትወጂውን ቀለም መርጬ ጀመርኩት።»

«እማ! ሁላችሁም ከእኔ በፊት ታውቁ ነበር ማለት ነው?»

እትዬ ዙቤዳ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «ከአንቺ በኋላ ያወቀ ማን አለ?»

ረመዳን ሳይገባ ኒካሁ ታሰረ። መጋረጃውን ኑሕ ራሱ ሰቀለው፤ አንዱ ጎን ወርዶ፣ አንዱ ጎን ወጥቶ። ሀይፋ ወንበር ላይ ቆማ እያጉረመረመች ስታስተካክል፣ እሱ ወንበሩን ከታች ይዞላት ነበር።