ለማርስ የታሸገው ታንከር

ዴቅ ማርስ ሳይደርስ ጅጅጋ ላይ ሞተ። በ2009 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በምርምር ተቋሙ ግቢ የቆመው የውሃ ታንከር ሲከፈት ቴክኒሻኑ በድን ሆኖ ተገኘ።

ወደ ማርስ ለሚጓዙ ሰዎች የትኛው አየር ማጽጃ ይመረጥ? የተመራማሪው የኸሊፍ ኖራ ወይስ የተቀናቃኙ የደሃቦ አልጌ፣ ያ የኩሬ አረንጓዴ? ዴቅ ሐሙስ ጠዋት ከኖራው ጋር የታሸገው ይህን ለመለየት ነበር። ኦክስጅን ከሲሊንደር ያገኛል፤ የሚያስወጣውን የተቃጠለ አየር ኖራው ይመጥጣል። አሁን ፖሊስ ኸሊፍን ሊያስር ነው።

«ዕቃህ ፈጀው» አለች ደሃቦ። «ከእኔ አልጌ ጋር ቢሆን ይሄኔ ይዘፍን ነበር!»

«ዝም በይ፣ የኩሬ እመቤት! ኖራዬ ዋላሂ አምስት ቀን ይበቃል!»

ኢንስፔክተር ዑባህ ከማጽጃው ሣጥን ነጭ ዱቄት ዘገነች። «ማን ሞላው?»

«እኔ» አለች ደሃቦ። «ተቀናቃኝ ይሙላ የሚል ደንብ አለን፤ ማጭበርበር እንዳይኖር። በባዶ እጄ ነው የዛቅሁት።»

«ደንቡ የእኔ ነው» አሉ ኃላፊው ዶክተር ወልደሩፋኤል ኮራ ብለው። «ታንከሩን ቆልፌ አይሻ ከተማ ለስብሰባ ሄድኩ። ዴቅ ከከፋው ደወል ይጫናል።»

ከሰዓት ዑባህ ሦስቱንም ታንከሩ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጨመቀች፤ ተንጨረጨረ።

«ደህና ኖራ እንዲህ አይፈላም። ይሄ ጠመኔ ነው።»

«የተቃጠለ አየር መጥጦ ያገለገለ ኖራም ጠመኔ ይሆናል!» አለች ደሃቦ ፈጥና።

«ልክ ነሽ፣ አባዮ፣ እህቴ። እጅሽን እስቲ። ሂናው የመቼ ነው?»

«የረቡዕ... የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነበር።»

«ሂና ኖራ ሲነካው ይጠቁራል። ይህን የጅጅጋ ሴት ሁሉ ታውቃለች፤ ያንቺ ግን እንደ ካሮት ቀልቷል። ሐሙስ የዛቅሽው ከመጀመሪያውም ጠመኔ ነበር።»

ደሃቦ እጇን ደበቀች። «ራሱን ሲያመው ይደውላል፣ ኖራው ይወድቃል፣ አበቃ ብዬ ነው የቀየርኩት!»

«መብራት ግን ሐሙስ ቀትር ላይ ጠፋ፤ እስከ ዛሬ አልመጣም። አላየሽም?»

«አየሁ።»

«ታዲያ?»

«ብናገር... ይነቃብኛል።»

ኸሊፍ ፊቱን አዞረ። ካቴናው ደሃቦ እጅ ላይ ቀጭ አለ።

ዶክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ኖራው ተመረጠ ብለን ቃለ ጉባኤ እንያዝ?»

«ደወሉ በምን ነበር የሚሠራው፣ ዶክተር?»

«በ... በከተማው መብራት።»

«የታንከሩ ቁልፍስ?»

ወልደሩፋኤል ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ቁልፉ ተንሿሿ።

«ከእኔ ጋር... አይሻ ነበር።»

«እርስዎም ይቅደሙ» አለች ዑባህ፣ ሁለተኛውን ካቴና እያወጣች።